ስለ ኤች ሉክአፕና ስለ ፊደል ውጤታችን

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው? ማኅበሩ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ሆነ ወይ?» ብለው እንደ ሣቁብን ሰምተናል። አልተቀየምንም። ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ሀገር ዕድገትና ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ብዙ መልካም ንግግር ተደርጓል፤ ወደ ፊትም ይደረጋል። እኛ ግን የመጣነው ስለ አንዲት ትንሽ ፎርሙላ ለመናገር ነው። ትንሽ ትባል እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል በርሷ እጅ ያላለፈ ሰው ያለ አይመስለንም። የፈተናችን ቁጥር በብዙ ክፍል ወደ ፊደል የሚለወጠው በርሷ ወይም በእኅቷ ነውና።

ፎርሙላዋ ኤች ሉክአፕ ትባላለች። ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ መሥሪያ ውስጥ ትገኛለች። ሥራዋ አንድ ቁጥር ይዛ በሠንጠረዡ የላይኛው ረድፍ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መፈለግ፣ ቦታውን ባገኘች ጊዜም በዚያው ዓምድ ወደ ታች ወርዳ የተጻፈውን ይዛ መመለስ ነው። እኅቷ ቪ ሉክአፕ ደግሞ ይህንኑ ከላይ ወደ ታች ትሠራለች። ሠንጠረዡ አግድም ከተጻፈ ኤች፣ ቁልቁል ከተጻፈ ቪ ማለት ነው። ስለ አንዷ የምንናገረው ሁሉ ለሌላዋም ይሠራል።

ኤች ሉክአፕ አራት ነገር ትጠይቃለች። ምን ልፈልግ? በየትኛው ሠንጠረዥ? ከስንተኛው ረድፍ ላምጣ? አራተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ሳይመልሰው የሚያልፈው ነው፤ እርሱም «ልክ እርሱን ቁጥር ካላገኘሁ ምን ላድርግ?» የሚለው ነው። «ፎልስ» ብለን ከመለስንላት ልክ ያንኑ ካላገኘች የለም ትለናለች። «ትሩ» ካልናት ወይም ዝም ካልን ደግሞ የሚቀርበውን ታመጣልናለች። ዝምታ እንደ እሺታ ተቈጠረ ማለት ነው። በዚህ ነገር ላይ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጽ። በእኛ ክፍል የሚሠራበት የውጤት ሠንጠረዥ አግድም ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

የመጀመሪያው ረድፍ፦ 0፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 65፣ 70፣ 75፣ 80፣ 85፣ 90።
ሁለተኛው ረድፍ፦ ኤፍ፣ ዲ፣ ሲ ማይነስ፣ ሲ፣ ሲ ፕላስ፣ ቢ ማይነስ፣ ቢ፣ ቢ ፕላስ፣ ኤ ማይነስ፣ ኤ፣ ኤ ፕላስ።
ሦስተኛው ረድፍ፦ 0፣ 1.00፣ 1.75፣ 2.00፣ 2.50፣ 2.75፣ 3.00፣ 3.50፣ 3.75፣ 4.00፣ 4.00።

አሁን 72 ያመጣ ተማሪ አለ እንበል። በላይኛው ረድፍ 72 የሚል የለም። ስለዚህ ፎርሙላዋ 70 ላይ ትቆማለች፤ ሁለተኛውን ረድፍ ከጠየቅናት ቢ፣ ሦስተኛውን ከጠየቅናት 3.00 ትላለች። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚቃወመው የለም።

ነገር ግን «የሚቀርበውን ታመጣለች» የሚለው አነጋገር እጅግ ያሳስታል። እኛም ራሳችን አንድ ሰሞን ተሳስተንበታል። 84.9 ያመጣ ተማሪ ለ85 የቀረበ ነው ወይስ ለ80? ለ85 የቀረበ መሆኑን የአንደኛ ክፍል ሕፃን ያውቃል። ኤች ሉክአፕ ግን የምትሰጠው የ80ን ፊደል፣ ኤ ማይነስን ነው። የርሷ «መቅረብ» በርቀት የሚለካ መቅረብ አይደለም። ከተፈለገው ቁጥር የማይበልጡትን ትለይና ከእነርሱ መካከል ትልቁን ትመርጣለች። የፎቅ ደረጃ የሚወጣ ሰው እግሩን ቢያነሣም ረግጦ ካልቆመበት ድረስ የሚገኘው በታችኛው መርገጫ ላይ ነው። ለውጤት አሰጣጥ የሚስማማውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ፎርሙላዋን አንወቅሳትም፤ የምንወቅሰው ስሟን ነው።

ከዚህ ሕግ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ሠንጠረዡ ከሁሉ በሚያንሰው ቁጥር መጀመር አለበት። «ከ40 በታች ኤፍ መሆኑ የታወቀ ነው» ተብሎ የ0 ዓምድ ከተተወ፣ 38 ያመጣው ተማሪ የሚቆምበት መርገጫ አይኖረውም፤ በስሙ ትይዩ የሚወጣው ፊደል ሳይሆን «የለም» የሚለው የስሕተት ምልክት ነው። ይህ ስሕተት ጮሆ የሚናገር ስለ ሆነ ብዙ አያስፈራም። ቁጥሩ በጽሑፍ መልክ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲመጣም፣ የሠንጠረዡ አድራሻ በዶላር ምልክት ሳይታሰር ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተትም እንዲሁ የለም እያለ ይጮኻል። መምህሩ ያየዋል፤ ያርመዋል።

ሁለተኛው ግን የማይጮኸው ነው። የላይኛው ረድፍ ከትንሽ ወደ ትልቅ በተራ መሰለፍ አለበት። ካልተሰለፈ ፎርሙላዋ አትቃወምም፤ መልስ ትሰጣለች፤ መልሷም ውሸት ሊሆን ይችላል። ዛሬ እዚህ ያቆመን ይህ ነው። የሆነውን እንናገር፤ ትምህርቱንና መምህሩን ግን አንጠራም፤ መምህሩ ቢሯቸውን ከፍተው ሁሉን ስላሳዩን እናከብራቸዋለንና።

አንድ ጓደኛችን በአንድ ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት ጠቅላላ ድምሩ 92.5 ነበር። ውጤት በተለጠፈ ዕለት በመታወቂያ ቁጥሩ ትይዩ የተገኘው ፊደል ሲ ማይነስ ነው። ልጁ መጀመሪያ የመጨረሻውን ፈተና ያበላሸ መስሎት አንድ ቀን ሙሉ ከመኝታ ክፍሉ አልወጣም፤ ምሳም እምቢ አለ። በማግሥቱ ሌሎች ሦስት ጐበዝ ተማሪዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ሲ ማይነስ ማግኘታቸው ተሰማ። አራቱም ከ90 በላይ ያመጡ ናቸው። አራቱም ተያይዘው ወደ መምህሩ ሄዱ። መምህሩ የፈተናውን ድምር አዩና ደነገጡ፤ ይቅርታም ጠየቁ፤ በአራቱ ስም ትይዩ ያለውን ፎርሙላ ሰርዘው ኤ ፕላስ ብለው በእጃቸው ጻፉ። ነገሩም በዚህ ያለቀ መሰለ።

ጓደኛችን ግን ነገር መርማሪ ነው። «መሣሪያው ለምን እኛን መርጦ ተሳሳተ?» እያለ ነዘነዘን። መምህሩን አስፈቅደን ከእርሱ ጋር ሠንጠረዡን አየነው። ምክንያቱ ባንድ እይታ ተገኘ። መምህሩ ከቀድሞ የተቀዳ የውጤት ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ በዚያ ውስጥ ሲ ማይነስ አልነበረም። አዲሱ ደንብ ሲደርሳቸው የጐደለውን 45ን ጨመሩ፤ የጨመሩት ግን በ40ና በ50 መካከል ሳይሆን በቀኝ መጨረሻ፣ ከ90 ቀጥሎ ነው። ባዶው ቦታ የነበረው እዚያ ነዋ! ማንኛችንም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ለሰው ዓይን ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፤ አሥራ አንዱም ዓምድ አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊደሉ ጋር በትክክል ተቀምጧል። የጐደለው ተራው ብቻ ነው።

እንግዲህ ፎርሙላዋ እንዴት እንደምትፈልግ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምራ አንድ በአንድ አታነብም። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ከመካከሉ ይከፍታል፤ የሚፈልገው ቃል ከተከፈተው ገጽ በኋላ ከሆነ የፊተኛውን ግማሽ ይተዋል፤ የቀረውንም እንደገና ከመካከል ይከፍላል። እርሷም እንዲሁ ናት። ለ92.5 ከመካከል ስትከፍት ስድስተኛው ዓምድ 70 ነው፤ 92.5 ይበልጣል፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ። የቀኙ መካከል 85 ነው፤ አሁንም ይበልጣል፤ ወደ ቀኝ። 90ንም አለፈች። መጨረሻው ዓምድ 45 ነው፤ 92.5 ከ45 ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ ቆመች፤ የ45ን ፊደል፣ ሲ ማይነስን ይዛ ተመለሰች። እርሷ በተነገራት መሠረት ሠርታለች። ተራ የተሰለፈ ነው ብለን አሳምነናታል፤ አመነችን።

በዚህ ጊዜ ጓደኛችን ብዕሩን አስቀመጠና «45ስ?» አለ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ መጀመሪያ አልገባንም። እርሱ ግን ያሰበው ትክክል ነበር። 46 ያመጣ ተማሪ ቢኖርስ? ለርሱም ከመካከል ስትከፍት 70 ታገኛለች፤ 46 ያንሳል፤ ስለዚህ ወደ ግራ። የግራው መካከል 50 ነው፤ አሁንም ያንሳል፤ ወደ ግራ። 0ን አለፈች፤ 40ን አለፈች፤ ከዚያ ወዲያ 50 ስለ ሆነ 40 ላይ ቆመች። ዲ። በቀኝ ጫፍ ላይ ስለርሱ ተብሎ የተጨመረውን የ45 ዓምድ ከቶ አልደረሰችበትም። ያ ዓምድ የተጨመረላቸውን ሰዎች አልጠቀመም፤ ያልተጨመረላቸውን ግን ጐዳ። በ45ና በ90 መካከል ለሌላው ሁሉ ግን፣ እያንዳንዱን ሞክረን እንዳየነው፣ ከ50 ጀምሮ ትክክለኛ ፊደል ይወጣል። ሥልሳ ያህል ተማሪ ባለበት ክፍል ብዙው ሰው ትክክለኛ ውጤቱን ስላገኘ ማንም ሠንጠረዡን አልጠረጠረም።

የክፍሉን ስም ዝርዝር ወደ ታች አየን። 46 ያመጣ አንድ፣ 48 ያመጣ አንድ፤ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱም ዲ ተሰጥቷቸዋል።

ሁለቱም አልጮኹም ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ እንድንዘገይ ፍቀዱልን። 92.5 አምጥቶ ሲ ማይነስ የተሰጠው ሰው ለመጮኽ ልብ አለው፤ ከቀድሞም ጐበዝ መባል ለምዷል፤ ነገሩ ስሕተት መሆኑን ያውቃል፤ መምህሩም ያውቁታል። 46 ያመጣው ግን ዲ ሲያይ አንገቱን ይደፋል። «ይገባኛል» ይላል። በኋላ ሄደን በነገርነው ጊዜ ያለን ቃል ይኸው ነው፦ «እኔ እኮ የሚገባኝ መስሎኝ ነው።» መምህሩም አራቱን በእጃቸው ሲያርሙ ሥሩን ሳይሆን የሚታየውን ብቻ ስላረሙ ሁለቱ ተሸፍነው ቀሩ። አቤቱታውን የተከተለ እርማት አቤት ያሉትን ብቻ አገኘ።

«በዲና በሲ ማይነስ መካከል ምን ያህል ልዩነት አለ? ሁለቱም ደካማ ውጤት ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው። ትምህርቱ 3 ክሬዲት ነው። በዲ 3.00 ነጥብ ይገኛል፤ በሲ ማይነስ 5.25። ልዩነቱ 2.25 ነው። ከሁለቱ አንደኛው ልጅ በዚያ ሰሚስተር 15 ክሬዲት ወስዶ በጠቅላላ 28.50 ነጥብ ነበረው፤ ለ15 ሲካፈል 1.90 ይሆናል። በትክክለኛው ፊደል 30.75 ነጥብ፣ ማለት 2.05 ይሆን ነበር። በ1.90ና በ2.05 መካከል 2.00 አለ። ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ለዚህም ልጅ ተጽፎበት፣ ወረቀቱን ለአባቱ ሳያሳይ በመጽሐፍ መካከል ደብቆት ነበር።

መምህሩ ይህን በነገርናቸው ቀን እዚያው ሠንጠረዡን አስተካክለው፣ በእጅ የተጻፉትንም አራት ፊደሎች ወደ ፎርሙላ መልሰው፣ የሁለቱን የማስተካከያ ቅጽ ፈርመው ሰጡን። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አሁን ሌላ ነገር እናንሣ፤ ይህኛው ከመምህራን ጋር ብዙ ጊዜ የሚያከራክረን ነው። በተለጠፈው ወረቀት ላይ 80 ተጽፎ ቢ ፕላስ የሚባልበት ጊዜ አለ። ተማሪው «80 ኤ ማይነስ አይደለም ወይ?» ይላል፤ መምህሩም ይገረማሉ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። እውነተኛው ድምር 79.6 ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው እንዳይታይ ስለ ታዘዘ ሴሉ 80 ያሳያል። ፎርሙላዋ ግን የምታየው የሚታየውን ሳይሆን ያለውን ነው፤ 79.6ም 80ን ስላልረገጠ በ75 ላይ ይቆማል። ቁጥሩን ራሱን ለማጠጋጋት ራውንድ የምትባል ሌላ ፎርሙላ አለች፤ ድምሩን በርሷ አሳልፎ መስጠት ይቻላል። እንግዲህ 79.6 ወደ 80 ይጠጋ ወይስ አይጠጋ የሚለውን መወሰን የኮምፒዩተሩ ሥራ አይደለም። የክፍሉ ሥራ ነው። እኛ በግላችን ይጠጋልን ብለን አንለምንም፤ አስቀድሞ ይነገረን፣ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ የሚለጠፈው ቁጥርና ፊደሉ የተሰጠበት ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን እንላለን።

የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ስለ ደመወዝ ግብር ሳናነሣ ብናልፍ ይቀየሙናል። የገቢ ግብር ሠንጠረዥም ደረጃ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 በመቶ 15፣ እስከ 7,000 በመቶ 20፣ እስከ 10,000 በመቶ 25፣ እስከ 14,000 በመቶ 30፣ ከ14,000 በላይ በመቶ 35 ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚናገረው «እስከ» እያለ ነው፤ ኤች ሉክአፕ ግን የምታውቀው «ከ» የሚለውን ብቻ ነው። ከሕጉ እንደ ተጻፈ ገልብጦ በላይኛው ረድፍ 2,000፣ 4,000፣ 7,000 እያለ የላይኛውን ወሰን የሚሞላ ሰው፣ በመቶ 15 የሚለውን ከ4,000 በታች ካደረገው፣ የ3,000 ብር ደመወዝተኛ ከግብር ነፃ ይወጣለታል። ደመወዝተኛው ይደሰት ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ኋላ ይጠየቅበታል። በየሠንጠረዡ ከመጀመሩ በፊት «ይህ ቁጥር ከ ነው ወይስ እስከ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የግብሩ ሠንጠረዥ ግን ከእኛ ከተማሪዎች ሠንጠረዥ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ይህን ስናገኝ ደስ ብሎናል፤ ትንሽም አዝነናል። ግብር የሚሰላው ደመወዙን በመቶኛው አባዝቶ ለየደረጃው የተወሰነውን ተቀናሽ በመቀነስ ነው። ለመቶ 30 ተቀናሹ 1,350 ብር፣ ለመቶ 35 ደግሞ 2,050 ብር ነው። ልክ 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው በመቶ 30 ቢሰላ 4,200 ሲቀነስ 1,350፣ 2,850 ብር ይከፍላል። በስሕተት ወደሚቀጥለው ደረጃ ተሻግሮ በመቶ 35 ቢሰላ 4,900 ሲቀነስ 2,050፣ ያው 2,850 ብር ነው። በወሰኑ ላይ አንዱ ደረጃ ከሌላው ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ በወሰን አካባቢ የተሳሳተ ሰው የሚሳሳተው በሳንቲም ነው። የውጤት ፊደል ግን እንዲህ አይደለም። በ49.9ና በ50 መካከል ያለችው ቅንጣት ከሲ ማይነስ ወደ ሲ ታዘልላለች፤ በመካከሉ መሸጋገሪያ የለም። ለገንዘብ የተሠራው ደረጃ ለስላሳ ሲሆን ለሰው የተሠራው ገደል ሆነ። ይህን ለመለወጥ ዛሬ አልመጣንም፤ ነገር ግን ገደል ባለበት ቦታ መንገዱ በጥንቃቄ መሠራት አለበት።

ግብርን ካነሣን አይቀር፣ ሠንጠረዡ ራሱ ያረጀ እንደ ሆነም ፎርሙላዋ አትነግረንም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 979 መሠረት 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው በመቶ 30 ተሰልቶ 955 ብር ሲቀነስለት 1,745 ብር ይከፍል ነበር። በአዲሱ ሠንጠረዥ በመቶ 25 ተሰልቶ 850 ሲቀነስ 1,400 ብር ነው። የቀድሞውን ሠንጠረዥ ሳይለውጥ የሚሠራ የደመወዝ ሠራተኛ ከዚያ ሰው በየወሩ 345 ብር ያለ አግባብ ይቈርጣል፤ በኤክሴሉ ላይ ግን አንድም ቀይ ምልክት አይታይም።

ወደ አራተኛው ጥያቄ እንመለስ ብለን ነበር። ዝም ካልናት የሚቀርበውን ታመጣለች ብለናል። ለውጤት ደረጃ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በላይኛው ረድፍ ያለው የተማሪ መታወቂያ ቁጥር ሲሆንስ? የአንድ ተማሪ ቁጥር ከዝርዝሩ ከወጣ፣ ለምሳሌ ትምህርቱን አቋርጦ ከሆነ፣ ፎርሙላዋ የለም አትልም፤ በተራ ከርሱ የሚቀድመውን ሰው ውጤት አምጥታ በርሱ ስም ትጽፋለች። ለሰው ስምና ለመታወቂያ ቁጥር «የሚቀርብ» የሚባል ነገር የለም፤ ወይ እርሱ ነው ወይም አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስንፈልግ አራተኛውን ቦታ ምንጊዜም ፎልስ ብለን እንሙላ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተዋወቀችው ኤክስ ሉክአፕ የምትባለው አዲሲቱ ፎርሙላ ይህን ልማድ ገልብጣዋለች፤ ዝም ካልናት ልክ ያንኑ ብቻ ትፈልጋለች፤ የሚቀርበውን ከፈለግን ታናሹን ይሁን ታላቁን ለይተን እንድንነግራት ትጠይቃለች፤ ረድፉ በተራ ባይሰለፍም ትክክለኛውን ታገኛለች። አዲስ ኤክሴል ያላችሁ ተጠቀሙባት። በየቤተ መጻሕፍቱና በየቢሮው ያሉት ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ግን አሮጌ ስለ ሆኑ ኤች ሉክአፕና ቪ ሉክአፕ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ።

«ተማሪ የመምህሩን ሠንጠረዥ ልይ ብሎ መጠየቁ ድፍረት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝግጅታችን ጊዜ ቀርቦልናል። ይህ መሣሪያ ራሱ ከተማሪ የመጣ መሆኑን እናስታውስ። ለግል ኮምፒዩተር የተሠራውን የመጀመሪያውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ቪዚካልክን፣ ያሰበው ዳን ብሪክሊን በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ነው፤ ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1979 አወጡት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቶማስ ሄርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ታላላቅ የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ፣ ስለ መንግሥታት ዕዳ የጻፉትን ጥናት ለክፍል ሥራ ሲደግም ቁጥሩ እምቢ አለው። ኤክሴላቸውን እንዲልኩለት ጠየቀ፤ ላኩለት። ከፍቶ ቢያይ የአማካዩ ፎርሙላ አምስት ሀገሮችን ሳያካትት ቀርቷል። ሊቃውንቱም የፎርሙላውን ስሕተት አምነዋል፤ ስለ ጠቅላላው ድምዳሜ ግን ተከራክረዋል። ልጁ የደፈረው ነገር ቢኖር ፋይሉን መጠየቁ ነው፤ እነርሱም መላካቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ስለዚህ ከመምህራኖቻችን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ውጤት ሲለጠፍ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ድምሩም ይለጠፍ፤ ከወረቀቱ ግርጌም የተሠራበት የደረጃ ሠንጠረዥ ባንድ መሥመር ይጻፍ። 46 ያመጣው ልጅ ያን ጊዜ በራሱ ዓይን ያየዋል፤ ጐበዝ ጓደኛ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ስሕተት አግኝቶ ሲመጣም የርሱ ሴል ብቻ በእጅ አይታረም፤ ሠንጠረዡ ታርሞ የሁሉም ፊደል እንደገና ይታይ።

ከመለጠፉ በፊት የሚደረግ አንድ ፈተናም አለ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከተማሪዎች ስም ዝርዝር በታች የሌሉ ተማሪዎች ይጨመሩ፤ ድምራቸውም 0፣ 39.99፣ 40፣ 44.99፣ 45፣ 49.99፣ 50 እየተባለ በየወሰኑ ላይና ከየወሰኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ እስከ 90 ይሞላ፤ በመጨረሻም 100። የሚወጣውን ፊደል ከደንቡ ጋር በዓይን ማመሳከር ነው። የጓደኛችን ክፍል ሠንጠረዥ በዚህ ፈተና ቢያልፍ ኖሮ፣ 45 ላይ ዲ፣ 100 ላይ ሲ ማይነስ ይወጣ ነበር፤ መምህሩም ሣቅ ብለው እዚያው ያርሙት ነበር።

ይህን የፈተና ዝርዝር በስቴንስል አባዝተን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስቀምጠናል። የራሱን ክፍል ሠንጠረዥ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ 46ን ያገኘው ጓደኛችንና ማስጠንቀቂያው የተነሣለት ልጅ ሁለቱም እዚያ ይገኛሉ። ጥያቄ ያለው ይቀጥል።